ባለቤቱ የሰጠው ዘፈን

«በነፃ የሚሰማ ዘፈን የተሰረቀ ዘፈን ነው።» ይህ አባባል በኤፍ ኤም ቃለ መጠይቅ ላይ ይነገራል፣ በአልበም ምረቃ መድረክ ላይ ይጨበጨብለታል፣ ስለ ሙዚቃችን መዳከም በተወራ ቁጥር የክርክር መዝጊያ ሆኖ ይቀርባል። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ «እንዴት?» ብሎ አይጠይቅም። እኔ በምኖርበት በልደታ ደግሞ አባባሉ የፍርድ ያህል ይከብዳል። የቅጂ መብት ክስ የሚሰማበት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ደጃችን ላይ ነው። ከግቢው ራቅ ብሎ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ባሉት ሱቆች ውስጥ፣ ወጣቱ ሜሞሪ ካርዱን አቀብሎ «አዳዲሶቹን ጫንልኝ» ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው የሙዚቃ ዓለም ሰራቂና ተሰራቂ ብቻ ያሉበት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገር ግን አባባሉ ስህተት ነው። ጉዳትም አለው፤ ጉዳቱ የሚያርፈውም እጠብቀዋለሁ በሚለው በሙዚቀኛው ላይ ነው፤ ያውም ስሙን ገና ማንም በማያውቀው ሙዚቀኛ ላይ።

ስህተቱን ከማሳየቴ በፊት የባለአባባሎቹን ክርክር እንደሚገባው ላቅርብ፤ ቀላል ክርክር አይደለምና። በካሴት ዘመን አንድ አልበም ገና ከሙዚቃ ቤት ሳይወጣ ቅጂው በየመንደሩ ይቸበቸብ ነበር። ሲዲ ሲመጣ አዟሪው በየካፌው እየዞረ ሸጠው፤ ፍላሽና ሜሞሪ ሲመጡ ደግሞ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ በጥቂት ብር፣ በጥቂት ደቂቃ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ስንቱ አንጋፋ ድምፃዊ ታሞ የሕክምና ወጪው ከሕዝብ ተለምኗል! የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ሙዚቀኞች ሥራቸውን ለገበያ አናቀርብም ብለው እስከማደም የደረሱት ምርር ብሏቸው ነው። እነዚህ ሰዎች «ነፃ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የሚታያቸው የተዘረፈ ላባቸው ነው። ሌላም ይጨምራሉ፦ ሕዝብ አንዴ በነፃ ከለመደ መክፈል ይተዋል፤ አሳታሚ የሌለው ዘፈን መርጦ የሚያጣራው ስለሌለ ጥራት ያጣል፤ በኢንተርኔት የተለቀቀ ሥራም የሚያበለጽገው የውጭ ኩባንያን እንጂ የአገር ልጅን አይደለም።

ቁስሉ እውነተኛ ነው፤ አልክድም። መድኃኒቱ ግን ከቁስሉ ጋር አልተገናኘም።

ከሕጉ ልጀምር፤ ሕጉን የሚጠሩት እነሱ ናቸውና። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው ባለቤት የሰጠው ኃይል ሥራውን ማባዛት፣ ማሰራጨት፣ ለሕዝብ ማሰማት፣ ወይም ሌላው ይህን እንዲያደርግ መፍቀድ ነው። መፍቀድ! ፈቃዱ በመቶ ሺህ ብር ይሁን በምስጋና፣ ምርጫው የባለቤቱ ነው። ከጌጃ ሰፈር የወጣች ልጅ በራሷ ክራር፣ በራሷ ድምፅ፣ በራሷ ግጥም የሠራችውን ዘፈን «ውሰዱት፣ አዳምጡት፣ ለጓደኛችሁ አቀብሉት» ብላ ስትለቀው መብቷን በሙላት ተጠቀመችበት እንጂ ማንም አልሰረቃትም። ሌባ የሚያሰኘው ያለ ፈቃድ መውሰድ ነው፤ ያለ ክፍያ መቀበል አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ስላምታታ፣ ዛሬ ያለ ፈቃድ የሚቸበችበው ነጋዴና በፈቃዷ የምትሰጠው ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ። አዋጁ ራሱ እንኳ የታተመ ሥራን ለግል መገልገያ አንድ ቅጂ ማድረግን አልከለከለም። ሕጉ የፈቀደውን እኛ በወሬ የምንከለክለው በየትኛው ሥልጣን ነው?

ቅጣቱንም እናንሳ። አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ሰው ከገደለ ብዙም በማይተናነስ ቋንቋ! ታዲያ ያ ቅጣት ከተደነገገ በኋላ መቅዳት ቆመ? ካሴት ወደ ሲዲ፣ ሲዲ ወደ ፍላሽ፣ ፍላሽ ወደ ቴሌግራም ሲሸጋገር አብሮ ተሸጋገረ። በአሜሪካም የሆነው ይኸው ነው። የኢንተርኔት ዘፈን ማጋሪያው ናፕስተር እ.ኤ.አ. በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2009 አንዲት የሚኒሶታ እናት በኢንተርኔት ላጋራቻቸው 24 ዘፈኖች 1.92 ሚሊዮን ዶላር ክፈይ ተባለች፤ ገንዘቡ በኋላ ወደ 222 ሺህ ቢወርድም ለአንዲት ተራ ሠራተኛ የዕድሜ ልክ ዕዳ ነው። ያ ፍርድ የሲዲ ገበያውን ከሞት አላስነሳውም። አድማጩን ወደ ሕጋዊው መንገድ የመለሰው ሕጋዊው መንገድ ቀላልና ርካሽ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ድህነቱ። አንጋፋዎቻችንን ያደኸየ ማን ነው? ቀጂው ድርሻ አለው። ዋናው ግን ሁላችንም የምናውቀውና ጮክ ብለን የማንናገረው ውል ነው። በካሴት ዘመን የነበረው የተለመደ አሠራር ድምፃዊው አልበሙን ለሙዚቃ ቤቱ አንዴ በቁርጥ ዋጋ ሸጦ መውጣት ነበር። ካሴቱ በሺህ ይሸጥ በመቶ ሺህ፣ ከዚያ በኋላ ለዘፋኙ የሚደርሰው ነገር የለም። ገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ደግሞ ከዘፋኙም ያነሰ ተቀብለው ይሸኛሉ። ሌላው ቀርቶ ማስተር ቅጂው እንኳ ከአሳታሚው እጅ አይወጣም። ያ ሥርዓት ሙሉ በሙሉ በክፍያ ላይ የቆመ ነበር፤ ሸማቹም ሕጋዊውን ካሴት ከፍሎ ገዝቷል። ሙዚቀኛው ግን ደኸየ። ስለዚህ «ሕዝቡ ቢከፍል ኖሮ ሙዚቀኛው ይጠግብ ነበር» የሚለው ስሌት የመሐሉን ሰው ይዘለዋል። መሐሉ ላይ የሚቆመውን ሰው አልፎ በቀጥታ ለአድማጩ የሚሰጥ ሙዚቀኛ ሲመጣ ከሁሉ በፊት «ነፃ ሙዚቃ ይውደም» ብሎ የሚጮኸው ማን እንደሆነ ልብ በሉ።

ደግሞስ አድማጩ ዛሬ በነፃ የማያዳምጠው የትኛውን ዘፈን ነው? ትልልቆቹ አሳታሚዎች የታወቁ ድምፃውያንን ነጠላ ዜማ በዩቲዩብ ቻናላቸው ሲለቁ አድማጩ ሳንቲም አይከፍልም። ገንዘቡ ከማስታወቂያ ይመጣል፤ ዝናው ኮንሰርት ይሞላል፤ ሁሉም ይህን ብልህ ንግድ ይለዋል። ስም የሌላት ልጅ የራሷን ሥራ በራሷ ገጽ ስትለቅ ግን ገበያ አበላሸች ትባላለች። አንድ ሥራ፣ ሁለት ሚዛን። ስለዚህ ቅሬታው ዘፈኑ በነፃ መሰማቱ ላይ አይደለም፤ ያለ እነሱ ፈቃድ መሰማቱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናከብረውን ወርቃማ ዘመን እንጥራው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት በትእዛዝ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ነበር። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ወዳድ ወጣት ይህን ትእዛዝ ችላ ብሎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። በሕንድና በሊባኖስ እያሳተመ እስከ 1967 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችና ወደ ደርዘን የሚጠጉ አልበሞች አወጣ። ማሕሙድ አሕመድ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው ካሣ በሸክላዎቹ ተሰምተዋል። ያ የሸክላ ክምችት ባይኖር ዓለም ዛሬ ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሚያደንቀው ምን ይሆን ነበር? የሀገር ፍቅር ብቸኛ መብት የቅጂ መብት እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ የመንግሥት ሞኖፖል ነበር። ነገር ግን ያኔ የተነሣው ተቃውሞ ዛሬ ከምንሰማው ጋር የወንድማማች ያህል ይመሳሰላል፦ ባለመብቱ ካልፈቀደ ሙዚቃ አይወጣም። አምሃ «ይወጣል» አለና አወጣው። ወርቃማው ዘመን የዘመኑን በረኛ ያላስፈቀደ ዘመን ነው፤ በዚያ ዘመን ስም የዛሬውን ነፃ ሙዚቀኛ መውገር ታሪኩን ገልብጦ ማንበብ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ ከባሕር ዳር አለ። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ለጉብኝት አሜሪካ ሲሄድ እሱ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ አገር ቤት ገባ፣ ተሰማ፣ ከዚያ ተረሳ። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ያዘ፤ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት በመኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ከዓመታት በኋላ ብሪያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ገዛ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከአፍሪካ ከተሞች የሰበሰባቸውን ካሴቶች በኢንተርኔት በነፃ የሚያሰማ ነው። ኃይሉን ፈልጎ ስልክ ደወለለት፤ ፈቃዱን ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው ዳግም ታተመ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እናውቃለን፤ የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮች ተከፈቱለት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ፣ ታክሲ ነጂው እንደገና ሙዚቀኛ ሆነ።

«ሰውዬው ካሴቶቹን ሲለቅ መጀመሪያ ማንን አስፈቀደ?» የሚል ይነሣል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ያለ ፈቃድ የለቀቀውን ሁሉ ደግ አደረገ አልልም። ነገር ግን ነገሩን ያቃናው ምንድን ነው? ፈቃድ መጠየቁና ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈሉ ነው። ይህ ደግሞ ከላይ ያልሁትን ያጸናል፤ የክርክሩ ማጠፊያ ፈቃድ ነው፤ ዋጋ ከፈቃድ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ለሃያ ስምንት ዓመት ኃይሉን የጎዳው ምን ነበር? ካሴቱን በነፃ የሰማው ሰው ነው ወይስ ካሴቱን ጭራሽ ያልሰማው? ለስመ ጥሩ ድምፃዊ ያለ ፈቃድ መቀዳት ኪሳራ ነው። ላልታወቀው ግን ትልቁ ኪሳራ አለመሰማት ነው። ሕዝብ ያላወቀውን ድምፃዊ ማንም ቢቀዳው ባይቀዳው የሚጎድልበት ገንዘብ የለም።

ቅቤ የሚገዛ ሰው ሳያሸት፣ በጣቱ ነካ አድርጎ ሳይቀምስ አይገዛም፤ ነጋዴዋም በዚህ አትቆጣም፤ ቅምሻው ሽያጩን እንደሚያመጣ ታውቃለች። ናይን ኢንች ኔይልስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2008 «ጎስትስ» የተባለውን ሥራ የመጀመሪያ ክፍል በነፃ ለቀቀ፤ ሙሉው ሥራ ራሱ ሰው ለንግድ እስካልተጠቀመበት ድረስ እንዲቀባበለው በፈቃድ ተከፍቶ ነበር። በዚያው ሳምንት 300 ዶላር የሚያወጡ የተፈረመባቸው 2,500 ልዩ እትሞች ተሸጠው አለቁ፤ 750 ሺህ ዶላር። «እነሱ ቀድሞ የታወቁ ናቸው» ይባል ይሆናል። ልክ ነው። ያልታወቀው ደግሞ መጀመሪያ መታወቅ ይፈልጋል፤ ለዚያ ከነፃ ማሰማት የተሻለ መንገድ ያለው ያሳየኝ።

ነፃ ማለት ዋጋ ቢስ ማለት ነው ለሚሉት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ትዝታ የማን ነው? አምባሰል የማን ነው? ባቲና አንቺ ሆዬስ? ካሣ ተሰማ ትዝታን ተጫወቱት፣ አስናቀች ወርቁ ተጫወተችው፣ ማሕሙድ፣ ጌታቸው ካሣ፣ በዛወርቅ አስፋው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አድርገው ተጫወቱት። ለቅኝቱ ማንም ለማንም አልከፈለም። የስንቱ ውድ አልበም ሽፋን ላይ በዜማው አንጻር «ሕዝብ» ተብሎ ተጽፏል! ያ ሕዝብ የሮያሊቲ ቼክ ደርሶት ያውቃል? አዝማሪው በየጠጅ ቤቱ «ተቀበል» ሲባል ግጥሙን ከአድማጩ አፍ በነፃ ይወስዳል፤ መልሶም በነፃ ይሰጣል። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የአብነት ተማሪ ዳቦ ለምኖ እየበላ ተማረው፣ መምህሩም ያለ ደመወዝ አስተማረው፤ እስከ ዛሬ የደረሰን በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ ነፃ ርስት እየቀዳ የሚኖር ባለሙያ፣ ለርስቱ የራሷን ድርሻ በነፃ የምትጨምር ወጣት ስትመጣ «ሙያውን አረከስሽ» ሊላት አይችልም።

ከዚህ የባሰም አለ። ዛሬ በኢንተርኔት ላይ የሙዚቃ ባለቤትነት የሚፈተሸው በአብዛኛው በማሽን ነው። ድምፅ ከድምፅ ያመሳስላል፤ ፈቃድ ከፈቃድ አይለይም። ወጣቱ በራሱ ክራር አምባሰልን ተጫውቶ ሲለቅ ተመሳሳዩን ሕዝባዊ ዜማ ቀድሞ ያስመዘገበ ድርጅት ክላይም (የባለቤትነት ይገባኛል ጥያቄ) ያቀርብበታል፤ ሥራው ይውረድ ተብሎ ሦስት ስትራይክ (ማስጠንቀቂያ) ሲመታ ደግሞ ቻናሉ ይዘጋል። ልጁ ጠበቃ የለውም፣ እንግሊዝኛው አይመቸውም፣ ልደታ ችሎት ቆሞ ዜማው የሕዝብ መሆኑን የሚያስረዳበት አቅምም የለውም። እንዲህ ሲሆን የቅጂ መብት ደካማውን ከጉልበተኛ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ መሆኑ ቀርቶ ጉልበተኛው የደካማውን አፍ የሚይዝበት መሣሪያ ይሆናል። ስለ ሌብነት ሌት ተቀን የሚናገሩት ሰዎች ይህን የሕዝብ ዜማ ነጠቃ ለምን አይቆጥሩትም?

ጥራትን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። በነፃ ከሚለቀቀው ብዙው ደካማ ነው፤ እውነት ነው። በሙዚቃ ቤት ተመርጦ ከታተመውስ ብዙው ደካማ አልነበረም? ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የአገር ቤት ዜማን ከኤሌክትሮኒክስ ጋር ያዋሐዱባቸው ሥራዎች በካሴት ቤት መስኮት ላይ ተሰቅለው አልታወቁም፤ በኢንተርኔትና በውጭ አገር ትንንሽ አሳታሚዎች በኩል ዞረው ነው ጆሯችን የደረሱት። የራሳችን በረኞች «ይህ አይሸጥም» ብለው ያሳለፉትን ሌላው ዓለም ቀድሞን ካደነቀው፣ የማጣራቱ ሥልጣን እነሱ ጋር ብቻ ይቆይ የሚባለው ለምንድን ነው?

የሚቀረው ከሁሉም የከበደኝ ክርክር ነው፤ ገንዘቡ የውጭ ኩባንያ ኪስ ይገባል የሚለው። ይህን በከፊል እቀበላለሁ። ከውጭ የሚላክ ጥቂት ገንዘብ መቀበል ለአዲስ አበባ ወጣት ቀላል አይደለም፤ አብዛኛው አድማጭም ዓለም አቀፍ ካርድ የለውም። ግን ይህ ነፃ መስጠትን የሚያወግዝ ምክንያት ይሆናል? የአገር ውስጥ መክፈያና ማድመጫ መገንባትን የሚያስገድድ ምክንያት ነው። አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከመሞቱ በፊት ከባልንጀሮቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲጀምር የገባው ይህ ነበር፤ አድማጩን ከመክሰስ ይልቅ በስልኩ የሚከፍልበትን መንገድ ማበጀት። ቴሌብር ደግሞ ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ። ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ሙዚቀኛው ዋጋውን ዜሮ አድርጎ «ከወደዳችሁ የፈለጋችሁትን ክፈሉ» ማለት ይችላል። ያንኑ እዚህ በዘፈኑ ግርጌ የቴሌብር ቁጥር በማስፈር ማድረግ ይቻላል። የሙዚቀኛና የአድማጭ ግንኙነት እንዲህ ቀጥተኛ ሲሆን የሚከስር ሰው ቢኖር መሐሉ ላይ የነበረው ብቻ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ያለ ፈቃድ የሚቸበችበው ይጠየቅ፤ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም። በ2007 የተሻሻለው አዋጅ በር የከፈተላቸው የጋራ አስተዳደር ማኅበራትም ከኤፍ ኤሙ፣ ከሆቴሉና ከባሩ ሮያሊቲ ይሰብስቡ፤ ሲያከፋፍሉ ግን ስም የሌላቸውን አይርሱ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን «ይህን ሥራ በነፃ እንዲደመጥ ፈቅጃለሁ» ለሚል ባለቤት አጭርና በአማርኛ የተጻፈ የፈቃድ ቅጽ ያዘጋጅ፤ ሕዝባዊ ዜማዎች የማንም የግል ይዞታ እንዳልሆኑ የሚያስረዳ መዝገብም ይክፈት፣ ወጣቱ ክላይም ሲመጣበት የሚያሳየው ወረቀት ያግኝ። የኤፍ ኤም አዘጋጆች ከሳምንት አንድ ሰዓት አሳታሚ ለሌላቸው ሙዚቀኞች ስጡ። አንተ በነፃ የምትሰጥ ሙዚቀኛ፣ አንቺም፣ ፈቃዳችሁን በዘፈኑ ሥር በግልጽ ጻፉት፦ ማን እንደሠራው፣ መቅዳት እንደሚቻል፣ መነገድ እንደማይቻል። ያልተጻፈ ልግስና ነገ ሌላው ባለቤት ነኝ ብሎ ይመጣበታል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ድርሻ አለህ። የማታውቀውን ሙዚቀኛ ፈልግ፤ በሌላ ሰው ቻናል ከተጫነ ቅጂ ሳይሆን ከራሱ ገጽ ላይ አዳምጠው። በነፃ ከሰጠህ ያለ ሐፍረት ተቀበል። ለሰው ስታጋራው የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች ስም አብረህ ጥራ፣ ከወደድኸው በቴሌብር የአቅምህን ላክለት፣ መድረክ ላይ ሲወጣም ትኬት ቆርጠህ ግባ።